ግማሹ ፊት መስታወቱ ላይ ነበር

ፎቶው 18 በ24 ሴንቲ ሜትር ነው። ጥቁርና ነጭ፣ በወፍራም ወረቀት የታጠበ፣ ጅማ ውስጥ ፎቶ ቤት ገብተው የተነሱት የቤተሰብ ፎቶ። አባት ኮትና ክራቫት አድርገው ቆመዋል። እናት ነጠላቸውን ጣል አድርገው ተቀምጠዋል። በመሃላቸው አንዲት ትንሽ ልጅ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ላይ ቆማለች። ያቺ ልጅ ዛሬ የልጅ ልጅ ያዩ እናት ናቸው። ፎቶውን እንዳድስላቸው በፌስታል ጠቅልለው ያመጡልኝም እሳቸው ናቸው። ስማቸው ይቆይና እትዬ እላቸዋለሁ።

ከግርጌው የፎቶ ቤቱ ማኅተም አለ። "ጅማ" የሚለው ይነበባል። ከዓመተ ምሕረቱ 196 የሚለው ቀርቷል፤ የመጨረሻዋን ቁጥር ሻጋታ በልቷታል።

ፎቶው ለብዙ ዓመታት ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖሯል። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ቀጥሎ የመጣውን ይገምታል። እዚህ ዝናቡ ሰኔን አይጠብቅም። ከመጋቢት ጀምሮ ይመጣል፣ ከመስከረም በኋላም ቶሎ አይለቅም። ቆርቆሮው አፈሰሰ፣ ውሃው በግድግዳው ወርዶ ፍሬሙ ውስጥ ገባ፣ ፎቶው ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ደረቀ። ኋላ ቤተሰቡ ሊያላቅቀው ሲሞክር ተላጠ። በእናትየው ነጠላ ላይ የሻጋታ ነጠብጣብ አለ። ከትከሻቸው እስከ ልጅቷ እጅ ድረስ ቡናማ የውሃ እድፍ ተጋድሟል። ከሁሉ የከፋው ግን የአባትየው ፊት ነው። ከአፍንጫቸው በስተቀኝ ያለው ሁሉ የለም። ጉንጭ የለም፣ ጆሮ የለም፣ አንድ ዓይን የለም። ቦታው ነጭ ወረቀት ነው።

"አባዬ ሌላ ፎቶ የላቸውም" አሉኝ እትዬ። "ይቺው ናት።"

እንዲህ ያለ ጉዳት ለምን እንደሚደርስ ማወቅ ከሥራው ግማሹ ነው። በዚያ ዘመን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ምስሉ ያለው ወረቀቱ ውስጥ አይደለም። ከወረቀቱ በላይ ስስ የጄላቲን ሽፋን አለ፤ ምስሉ እዚያ ውስጥ የተበተነ ደቃቅ ብር ነው። ጄላቲን ደግሞ ከእንስሳት አጥንትና ቆዳ የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ሙጫ ይሆናል። መስታወት ከነካም እዚያው ላይ ይደርቃል። ሻጋታም ይወደዋል። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሆኖ ከቆየ ሻጋታ ለመብቀል ይመቸዋል። ሻጋታ የበላው ጄላቲን ውሃ ሲነካው ይሟሟል። ስለዚህ እባካችሁ የሻገተ ፎቶ በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉ። አቧራ የጠረጋችሁ ሲመስላችሁ የሰው ፊት ነው የምትጠርጉት።

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። እንጀራዬ የሠርግ አልበምና ጉርድ ፎቶ ነው፤ ልቤ ያለው ግን የድሮ ፎቶ ማደስ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ሲገባ ብቻዬን አልጨርሰውም። ለሦስት ሰዎች አሳያለሁ። አንዱ ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ፎቶ አንሺ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በጨለማ ክፍል ፎቶ ሲያጥቡ ያሳለፉ። ሁለተኛዋ መርካቶ በኩል ኤዲቲንግ የምትሠራ ልጅ ናት፤ እጇ ፈጣን ነው፣ አዲስ ነገር ከወጣ ከሁላችን ቀድማ የምትሞክረው እሷ ናት። ሦስተኛው አዲስ አበባ ሪታች (የፎቶ እንከን ማስተካከል) የሚሠራ ጓደኛዬ ነው።

የማሳያቸው ያለቀ ሥራ አይደለም። ያለቀ ሥራ ያየ ሰው "ጎበዝ" ብሎህ ይሄዳል። ጅምሩን ያየ ነው ሐሳብ የሚሰጥህ። "እንዴት ነው?" ብዬም አልጠይቅም። "ብርሃኑ ከየት ነው የሚመጣው?" "ይሄ ሻጋታ ነው ጥላ?" ነው የምለው። ለአዲስ አበባው ጓደኛዬ በቴሌግራም ነው የምልክለት፤ ታዲያ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል። እንደ ፎቶ ከተላከ ቴሌግራም ጨምቆ ያሳንሰዋል፤ ያኔ የሚተቸው የእኔን ሥራ ሳይሆን የተጨመቀውን ነው።

መስታወቱ የት አለ?

ፎቶውን ስካነር ላይ አላስተኛሁትም። ወረቀቱ ተጠማዟል፤ ክዳኑ ከተጫነው የደረቀው ጄላቲን ይሰነጠቃል። ካሜራውን ወደ ታች አስሬ፣ በቅርብ የሚያነሳ ማክሮ ሌንስ ገጥሜ፣ ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ሁለት መብራት አድርጌ አነሳሁት። የኮቱ ጥቁር ላይ ሰማያዊ የሚያብረቀርቅ ነገር ነበር። ብሩ በጊዜ ብዛት ወደ ላይ ሲወጣ የሚሠራው ሽፋን ነው። መብራቶቹን ዝቅ ሳደርጋቸው አብዛኛው ጠፋ።

ፎቶው ጥቁርና ነጭ ቢሆንም ያነሳሁት በቀለም ነው፣ በሮው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ) ፋይል። ምክንያት አለኝ። ውሃ የሚተወው ቢጫና ቡናማ እድፍ በሰማያዊው ቻናል (ከቀለም ፎቶው የሰማያዊው ብርሃን ድርሻ) ላይ ጠቁሮ ይወጣል፤ በቀዩ ቻናል ላይ ግን በጣም ይደበዝዛል። ቀዩን ቻናል ብቻ ስወስድ ያ ከትከሻ እስከ ልጅቷ እጅ የተጋደመው እድፍ ብሩሽ ሳላነሳ አብዛኛው ለቀቀ። ይህን ቀድሞ ያላየ ሰው ያንኑ እድፍ በክሎን ስታምፕ (ከአንድ ቦታ ቀድቶ ሌላ ቦታ ላይ በሚያትም መሣሪያ) ሲታገለው ያድራል፣ ከስሩ ያለውንም የነጠላ ጥለት አብሮ ያጠፋዋል።

ላፕቶፑን ይዤ ጋሼ ጋ ሄድኩ። የጠየቅኳቸው ስለ ብርሃኑ አቅጣጫ ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸው ነጩ ቦታ ላይ ቀረ።

"አጉላው።"

አጎላሁት።

"ጨምር።"

ከዚያ በጣታቸው የነጩን ቦታ ጠርዝ ተከተሉ። "ሻጋታ ሲበላ ጠርዙ ይደበዝዛል፣ ቀስ እያለ ነው የሚጠፋው። ይሄ ስለታም ነው። እየው፣ እዚህ ጋ ሽፋኑ ተሰንጥቆ ተቆርጧል። ይሄ አልተበላም፣ ተላጠ እንጂ። የተላጠ ነገር ደግሞ የሆነ ቦታ ይኖራል። መስታወቱ የት አለ?"

እዚያው ሆኜ እትዬ ጋ ደወልኩ።

"መስታወቱማ አለ" አሉ። "ጠርዙ ላይ ትንሽ ተሰንጥቋል እንጂ ለሌላ ፍሬም ይሆናል ብዬ ቁም ሳጥኑ ጀርባ አቁሜዋለሁ። ግን ልጄ፣ ቆሻሻ ተለጥፎበታል፤ አጥቤ ልላከው?"

"እንዳይነኩት እትዬ! በምንም እንዳይነኩት!"

ያ ቆሻሻ የአባታቸው ጉንጭ ነው።

የልጅ ልጃቸው በሁለት ካርቶን መሃል አድርጎ በባጃጅ አመጣው። ከኋላ በኩል ሲታይ እውነትም ቆሻሻ ነው የሚመስለው፤ ግራጫ ቅርፊት፣ ቦታ ቦታው የተነሳ። ገልብጬ ከፊት ለፊቱ በኩል፣ ከኋላው ነጭ ወረቀት አድርጌ አየሁት። ጆሮ ነው። ከጆሮው በታች የአገጭ መስመር አለ፣ ከአገጩ በታች የሸሚዝ ኮሌታ ጫፍ። ጋሼ አጠገቤ ነበሩ። "አላልኩህም?" እንኳ አላሉም፤ መነጽራቸውን አወለቁና ዝም ብለው አዩት።

ነጩ ወረቀት ለምን እንዳስፈለገ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው መስታወቱን ከኋላ በመብራት ማብራት ይቀናዋል። ፎቶን በወረቀት ላይ ስናየው ብርሃኑ ሽፋኑን ሁለት ጊዜ ያልፋል፤ አንዴ ሲገባ፣ አንዴ ከወረቀቱ ነጥሮ ሲወጣ። ከኋላ ብቻ ካበራንበት አንዴ ብቻ ነው የሚያልፈው፣ ምስሉም ስስና ገርጣ ያለ ይሆናል። ከሽፋኑ ኋላ ነጭ ወረቀት ሲጠጋለት ግን ከዋናው ፎቶ ጋር ተቀራራቢ ጥቁረት ይሰጣል። ከፊት በኩል ስለምናነሳውም ግራና ቀኙ አይገለበጥም። የካሜራውን ከፍታ ፎቶውን ካነሳሁበት አላንቀሳቀስኩትም፣ መጠናቸው አንድ እንዲሆን። ርካሹ ጠፍጣፋ ስካነር እዚህ አይሠራም፤ የሚያጠራው መስታወቱን ነክቶ የተቀመጠውን ነው፣ የእኛ ሽፋን ደግሞ በፍሬሙ መስታወት ውፍረት ያህል ራቅ ይላል።

መግጠም

ሁለቱ ቁርጥራጮች የሚጋሩት ነገር የለም። አንዱ ያለው ሌላው የለውም። ስለዚህ አንዱን በአንዱ ላይ ጭኖ ማመሳሰል አይቻልም፤ እንደ ጀበና ስባሪ በስብራቱ ጠርዝ ብቻ ነው የሚገጠመው። ያም ቢሆን እንዲያው አልገጠመም። ወረቀቱ ረጥቦ ሲደርቅ ተኮማትሯል፣ መስታወቱ ላይ የቀረው ሽፋን ግን መስታወቱ እንደያዘው ደርቋል። ቁርጥራጩ ትንሽ ሰፋ ይል ነበር። ሦስት ነገሮችን ችካል አድርጌ በዋርፕ (ምስልን በሚስብና በሚያጣምም መሣሪያ) ሳብኩት፦ የኮሌታውን መስመር፣ ፀጉሩ ከጆሮው የሚገናኝበትን፣ ከኋላ ያለውን የመጋረጃ እጥፋት። ጥቁረቱን ከርቭ በሚባለው የብርሃንና የጥላ ማስተካከያ አስተካከልኩ፤ በአንድ በኩል የኮሌታውን ነጭ፣ በሌላ በኩል የፀጉሩን ጥቁር መነሻ አድርጌ።

ይህን ለአዲስ አበባው ጓደኛዬ ላክሁለት። መልሱ በድምፅ መጣ፣ እንደ ልማዱ እየተጣደፈ። መጀመሪያ ያለኝ "ምስሉን ግራና ቀኝ ገልብጠህ አሳንሰህ እየው፤ አገጩን ተመልከት" ነው። ገልብጬ አየሁት። አገጩ ከስብራቱ መስመር ላይ ሲደርስ ለጥቂት ዝቅ ይላል። ፊትን አብዝተን ስናየው ዓይናችን ይለምደዋል፤ ሲገለበጥ እንግዳ ሰው ይሆንና ጥመቱ ይወጣል። አንድ ተጨማሪ ችካል አገጩ ላይ ስጨምር ተስተካከለ።

ሁለተኛው ነጥቡ ከጠፋው ቦታ ስለሞላሁት መጋረጃ ነበር። "አንድ ዓይነት እጥፋት ሁለት ቦታ አለህ፤ ላይኛዋ ላይ ያለችው ነቁጥ ታችም አለች።" ጉዳትን ከአካባቢው ጋር አዋህዶ የሚሞላው ሂሊንግ ብራሽ እ.ኤ.አ. በ2002 በፎቶ ማስተካከያው ፕሮግራም በፎቶሾፕ 7 ከመጣ ወዲህ ሥራው ቀሏል፤ ግን መሣሪያው የሚቀዳው ካለበት ነው። ሰፊ ቦታ ሲሞላ የሚደጋገም ነገር ይተዋል። ከተለያየ ቦታ በትንንሹ እየቀዳሁ ሰበርኩት።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። "ቆዳው ሞቷል። ስንጥቁን የሞላህበት ጉንጭ ላይ ግሬን የለም፣ ፕላስቲክ ነው።" የድሮ ፎቶ ቆዳ ለስላሳ አይደለም። ሲጎላ የብሩ ደቃቅ ቅንጣት፣ ግሬኑ፣ ይታያል፣ ሰውየውን ሰው የሚያስመስለውም ይኸው ቅንጣት ነው። ግሬኑን ከፕሮግራሙ አላመጣሁትም። ጉዳት ካልነካው የመጋረጃው ክፍል ወስጄ፣ በሌላ ሌየር (ከምስሉ በላይ ባለ የተለየ ንብርብር) ላይ፣ በሞላሁት ቦታ ላይ ብቻ ዘረጋሁት።

አንድ ዓይን

የመስታወቱ ቁርጥራጭ ብዙ ነገር መለሰልን፣ ዓይኑን ግን አልመለሰም። ከጣት ጥፍር የማይበልጥ ቦታ ነው፤ በዚያች ቦታ ሽፋኑ ከወረቀቱም ከመስታወቱም ጠፍቷል። ረጅሙ ክርክር የተነሳው እዚህ ላይ ነው። ጋሼና መርካቶ ያለችው ልጅ እኔ ቤት ተገናኙ፣ ቡና ተፈላ።

ልጅቱ መጀመሪያ ያለችው ግራውን ዓይን ገልብጠን ቀኝ እናድርገው ነው። ብዙ ቦታ የሚሠራው እንዲህ ነው። ግን ፎቶ ቤቱ መብራቱን ከግራ ነው ያደረገው፤ የአፍንጫው ጥላ ወደ ቀኝ ነው የወደቀው። ግራው ዓይን ውስጥ ያለችው የብርሃን ነጥብ ስትገለበጥ ከቀኝ መብራት የመጣ ያህል ትሆናለች። ደግሞስ የሰው ፊት ሁለት ወገኑ መቼ አንድ ሆኖ ያውቃል?

"እሺ ይሄን እዩ" ብላ ስልኳን አወጣች። ፊት በሚያጠራ አንድ የኤአይ (የሰው ሠራሽ አስተውሎት) መተግበሪያ ሠርታው ኖሯል። እውነቱን ለመናገር ያምራል። ዓይኖቹ ጥርት ብለዋል፣ ቅንድቡ ፀጉር በፀጉር ተቆጥሮ ተቀምጧል። ጋሼ ራሳቸው "ወይ ጉድ" አሉ። ወዲያው አልተቃወምኩም፤ እትዬ ይፍረዱ ብዬ አሳየኋቸው።

ረጅም ጊዜ አዩት። "ቆንጆ ሰው ነው" አሉ በመጨረሻ። "ማነው?"

ይህ የሚሆንበት ምክንያት አለ። እነዚህ ፕሮግራሞች የጠፋውን አያገኙትም፤ ፊት ምን ሊመስል እንደሚችል ካዩት ተነስተው ይገምታሉ። ከታወቁት አንዱ የሆነው ጂኤፍፒጋን የሰለጠነው ኤፍኤፍኤችኪው በሚባል ስብስብ ነው። በውስጡ ከፍሊከር የተወሰዱ 70,000 የፊት ፎቶዎች አሉ። ከጎደለ ፊት ላይ ዓይን ሲጠየቅ የሚሰጠው ከዚያ ብዛት ውስጥ የሚመስለውን ዓይን ነው። ለሽፋን ምስል ቢሆን ግድ የለም። ለአንዲት ልጅ ብቸኛ የአባቷ ፎቶ ሲሆን ግን የሌላ ሰው ዓይን ነው፣ ምንም ቢያምር።

ከእትዬ ልጆች አንዱ ሌላ ሐሳብ አመጣ። "አጎቴ ቁርጥ አያቴን ነው፤ የእሱን ዓይን አንስተህ ግጠመው።" ጋሼ ወደዱት፤ ድሮ በእርሳስና በቀለም ሪታች ሲያደርጉ ዘመድ ፊታቸው አስቀምጠው ያውቃሉ። እኔ አልተስማማሁም። ቁርጥ አባቱን ይምሰል እንጂ ልጅ ነው፣ አባት አይደለም። የአጎትየው ዓይን በዚህ ፎቶ ላይ አንዴ ከገባ ከዚያ በኋላ የሚወለዱት ሁሉ አያታቸው ብለው የሚያዩት እሱን ነው።

መውጫውን ያገኘችው ያቺው የመርካቶዋ ልጅ ናት። "እትዬ፣ አባትዎ ምን ነበር የሚሠሩት?"

እርሻ ትምህርት ቤት ነበር የሚሠሩት፤ እ.ኤ.አ. በ1952 ጅማ በተከፈተው።

"ታዲያ የሥራ መታወቂያ አልነበራቸውም?"

እትዬ መታወቂያን ፎቶ ብለው አልቆጠሩትም ነበር። ከእናታቸው ሳጥን፣ ከድሮ ደረሰኞች መሃል ወጣ። ጉርድ ፎቶ፣ የተቀመጠበት ማኅተም ትከሻውን ነክቶ ፊቱን ሳይነካ ያለፈው። ቀኙ ዓይን ከግራው ትንሽ ጠበብ ያለ ነው፣ ሽፋሽፍቱም ወደ ጥጉ ዘንበል ይላል። ያንን የትኛውም ግልበጣ፣ የትኛውም ኤአይ አያመጣውም ነበር።

መታወቂያው ላይ ፊት ለፊት ነው የሚያዩት፣ በቤተሰቡ ፎቶ ላይ ግን አንገታቸውን ትንሽ አዙረዋል። ስለዚህ ዓይኑን ቆርጬ አልለጠፍኩትም። ቅርጹን መሪ አድርጌ፣ በዋርፕ አዙሬ፣ በብሩሽ ሣልኩት። ያ ወገን በጥላ ውስጥ መሆኑ ረዳኝ፤ ጥላ ውስጥ ያለ ዓይን ብዙ ዝርዝር አይጠይቅም። ከግራው ዓይን እንዳይጠራም ተጠነቀቅኩ። ማደሻው ካልተነካው ክፍል በላይ ከጠራ ተመልካቹ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። የተሣለው ዓይን ለብቻው በአንድ ሌየር ላይ ነው ያለው፤ ለቤተሰቡም ሁለት ፋይል ነው የሰጠሁት። በአንዱ ያለው ሁሉ ከፎቶውና ከመስታወቱ የተገኘ ነው፣ የዓይኑ ቦታም በግራጫ ተሸፍኗል። በሌላው ዓይኑ አለ። የትኛው የትኛው እንደሆነ በአማርኛ ፋይሉ ስም ላይ ጽፌዋለሁ።

ንቅሳቱ

የእናትየው ፊት ደህና ስለነበር ቶሎ የሚያልቅ መስሎን ነበር። አንገታቸው ላይ ግን ብዙ መስመር አለ። ጋሼ "የጎጃም ሰው ናቸው እንዴ?" ሲሉ ነው ሁላችንም ጎንበስ ብለን ያየነው። እትዬም "አዎ፣ እማዬ ከጎጃም ነው ለትዳር የመጣችው፤ አንገቷን ተነቅሳለች" አሉ።

መለየቱ ትዕግሥት ጠየቀ። የውሃው ዱካ ፎቶው በተሰቀለበት ቀጥ ብሎ ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ አንገቱ ቢዞርም ባይዞርም። ንቅሳቱ ግን የአንገቱን ክብ ተከትሎ ይዞራል፣ በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀትም እኩል ነው። ቁልቁል የወረደውን አነሳሁ፣ የዞረውን ተውኩ። በሚገናኙበት ቦታ ላይ የምጠራጠረውን አልነካሁም። ጉንጫቸው ላይ ደግሞ አንዲት ጥቁር ነጥብ ነበረች። ልጅቱ ሻጋታ ነው አለች፣ ጋሼ አይደለም አሉ፣ እትዬ ሳቁ። "እሱማ ማርያም የሳመቻት ነው። እንዳትነካው!" ኋላ ያንን የኤአይ ሥራ መልሰን ስናየው ንቅሳቱንም ነጥቡንም እንደ ቆሻሻ አጥፍቷቸዋል።

የማኅተሙን ዓመተ ምሕረት በሚመለከት የልጅ ልጅየው 1964 ብለን እንሙላው ብሎ ነበር፣ ከእትዬ ዕድሜ አስልቶ። ስሌቱ ትክክል ሳይሆን አይቀርም። ግን ማኅተም ማስረጃ ነው፤ እኛ የጻፍንበት ቁጥር ነገ እንደ እውነት ይጠቀሳል። ባዶውን ቀርቷል። ስሌቱን ከጀርባው በእርሳስ እንዲጽፍ ነገርኩት።

ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ዓይን ያለው እንዲሆን ቤተሰቡ መረጠ። በማት ወረቀት አሳጠብኩት። ፍሬም ሠሪው በፎቶውና በመስታወቱ መካከል ዙሪያውን የካርቶን ፓስፓርቱ አስገብቶበታል፤ ፎቶው ዳግም መስታወት አይነካም። ዝናብ ከሚመታው ግድግዳ ላይ እንዳይሰቀልም ተነጋግረናል። ዋናው ፎቶ አሁን በወረቀት ፖስታ ውስጥ ነው። ፌስታል እርጥበቱን አፍኖ ስለሚይዝ አስወጣሁት። መስታወቱን በጠንካራ ካርቶን ሳጥን ውስጥ፣ ሽፋኑን ወደ ላይ አድርጌ፣ ምንም እንዳይነካው በጎንና በጎኑ ደግፌ መልሻለሁ። ሳጥኑ ላይ በትልቁ "አይታጠብ" ብዬ ጽፌበታለሁ።

ጋሼ የታጠበውን ሲያዩ አንድ ነገር ቀራቸው። ከጆሮው ስር ያለው ጥላ ከአፍንጫው ጥላ ትንሽ ይጠቁራል ይላሉ። አዲስ አበባ ያለው ጓደኛዬ አይጠቁርም ባይ ነው። የእትዬ ወንድም ለራሳቸው አንድ ቅጂ አዘዋል፤ ለእሳቸው ሲታጠብ ጥላውን በትንሹ ከፈት አድርጌ ሁለቱን ጎን ለጎን ለጋሼ አሳያቸዋለሁ።